መንገደኛ የማን አደራ ነው?

ሶደሬ ሰው ሁሉ እኩል የሚሆንበት ቦታ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፍል ውኃው ዘንድ ሲደርሱ ነጋዴውም፣ ባለሥልጣኑም፣ ከአዳማ በሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣው ተማሪም፣ ወገባቸውን የሚያማቸው አዛውንትም ልብሳቸውን አውልቀው ይገባሉ። ሆዱ የገፋው ሆዱን፣ ጠባሳ ያለበት ጠባሳውን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያሳያል። በዚህ የሚሸማቀቅ ቢኖር ጥቂት ነው። ይኸው ሰው ግን ከውኃው ወጥቶ ወደ አዳማ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ መኪናው ቆሞ «ቦርሳህን ክፈት» ቢባል ፊቱ ይለዋወጣል። በቦርሳው ውስጥ ያለው አንድ እርጥብ ፎጣና ሁለት ሸሚዝ ነው። ገላውን ለሕዝብ ገልጦ ያላፈረ ሰው ፎጣውን ሲገልጥ የሚከፋው ስለ ምንድን ነው?

መልሱ ሩቅ አይመስለኝም። ፍል ውኃው ዘንድ የገለጠው ራሱ ነው። መንገድ ላይ የሚያስገልጠው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም «ምናልባት ገዳይ ልትሆን ትችላለህ» ብሎ አስቦ። መታየቱን ይችለዋል፤ መጠርጠሩ ግን ያመዋል። ስለ ሕዝብ ማመላለሻ፣ ስለ ባቡርና ስለ አውራ ጎዳና ጥበቃ የሚወጣ ሕግ ሁሉ ይህችን ትንሽ ሕመም ሳይነካ አያልፍም። አንድ ገዳይ ለማግኘት ሲባል አንድ ሺህ ንጹሕ ሰው መጠርጠር ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነስ የተጠረጠረው ንጹሕ ሰው በምትኩ የሚያገኘው ምንድን ነው?

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ እንጀራዬም በየመጽሔቱ መጻፍ ስለሆነ በዚህ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ አዘውትረው ከሚመላለሱት አንዱ ነኝ። ትምህርቱ አንድ ነገር አስለምዶኛል፤ ስለ አንድ ሕግ ሲወራ «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ። በዚህ ጽሑፍም የማነሣው ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ለፍርሃቱ ተገቢውን ቦታ መስጠት ይገባል። በ1996 ዓ.ም. መጋቢት ወር ማድሪድ ውስጥ በጠዋት ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎችን የጫኑ አራት ባቡሮች በቦርሳ በተቀመጡ ፈንጂዎች ተመትተው ከ190 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን ለንደን ውስጥ ሦስት የምድር ውስጥ ባቡሮችና አንድ አውቶቡስ ፈንድተው 52 መንገደኞች ሞተዋል። አሜሪካኖች ከዚህ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ክረምት ባቡርን፣ አውቶቡስንና የከተማ ማመላለሻን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚያስገድድ ሰፊ ሕግ አወጡ። እኛም ዘንድ ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው የኦጋዴን ጦርነት የባቡር ድልድዮች በፈንጂ ፈርሰው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ለወራት ተቋርጧል። በግንቦት 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ላይ የፈነዳ ፈንጂ መንገደኞችን ገድሏል። ስለዚህ «ፍተሻ የሚባል ነገር ጨርሶ ይቅር» የሚል ሰው ካለ፣ እርሱ በአውቶቡስ የማይሄድ ሰው መሆን አለበት።

ይሁንና የየብስ መንገድ እንደ አውሮፕላን አይደለም። አውሮፕላን አንድ በር አለው። ሚኒባስ ግን ረዳቱ «አዳማ፣ አዳማ!» እያለ ከየመታጠፊያው ሰው ይለቅማል፤ አንዱ መልካሳ ላይ ይወርዳል፣ ሌላው በቦታው ይተካል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ግራና ቀኙ በአጥር የተከለለ ነው፤ ርዝመቱ ግን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በግመልና በከብት መንጋ መካከል፣ በእርሻ ዳር፣ በበረሃ ያልፋል። ይህን ሁሉ በወታደር ማጠር አይቻልም። ሐዲዱን የሚጠብቀው በመጨረሻ ከሐዲዱ አጠገብ የሚኖረው ሰው ነው። አውቶቡሱንም የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ነው። እንግዲህ ያ ሰው ሕጉን እንደ ራሱ ሕግ ካላየው፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

የእኛ ሕግ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 32 ደግሞ በአገር ውስጥ የመዘዋወር ነፃነትን ይሰጣል። ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ተለይቶ በሚወጣ ሕግ መሠረት ብቻ መሆኑንም አንቀጽ 26 ይናገራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ከዚህ ላይ ተነሥቶ ሁለት ነገር አመጣ። ቤት ወይም ተሽከርካሪ ያከራየ ሰው የተከራዩን ማንነት መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ አስገደደ። ፖሊስም ተሽከርካሪና እግረኛ አስቁሞ ድንገተኛ ፍተሻ እንዲያደርግ ፈቀደ፤ ነገር ግን ለዚህ የፌዴራል ፖሊስ የበላይ ኃላፊ ወይም የእርሱን ውክልና የያዘ ሰው ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ይህ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

ልብ በሉ፤ የ2001ዱ ሕግ ጠንካራ በሚባልበት ዘመኑ እንኳ ቁልፉን ከላይ አስቀምጦት ነበር። ችግሩ ቁልፉ ከላይ ሲሆን ገመዱ ከታች መሆኑ ነው። ገመዱ ዘንድ የቆመው ወጣት ወታደር ወይም ፖሊስ የማንን ፈቃድ እንደያዘ ተሳፋሪው በምን ያውቃል? ጠይቆ የሚያውቅስ ማን አለ? እኛ ሕግን የምናውቀው በጋዜጣ ታትሞ ሳይሆን «ወንዶች ውረዱ!» ሲባል ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ የማልረሳው አንድ ቀን አለ። ከእነዚሁ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወደ አንዱ በምንጓዝበት አነስተኛ አውቶቡስ ውስጥ ነበርን። ኬላው ላይ እንደ ልማዱ ወንዶች ወርደን እጃችንን ዘርግተን ተፈተሽን፤ ሴቶቹ እዚያው መቀመጫቸው ላይ ቦርሳቸውን አሳዩ። ማንም አላጉረመረመም። ቀጥሎ «መታወቂያ!» ተባለ። መታወቂያ እየታየ ሲመለስ ከቆየ በኋላ ከመካከላችን አንድ ወጣት «አገርህ የት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ተናገረ። «አንተ እዚህ ቁም፤ ሌሎቻችሁ ግቡ» ተባልን። ቦርሳው እንደ እኛው ተፈትሿል፤ የተገኘበትም ነገር የለም። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ «እንሂድ እንጂ፣ መሸብን» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሣ፣ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሙዝ ነጋዴ እናት «ተው አንተ ልጄ፣ አጥፋው። አብሮን መጥቷል፣ አብሮን ይሄዳል» አሉት። «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ሹፌሩ። «ምንም አታድርግ፤ ብቻ አትሂድ» አሉት። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ልጁ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተለቀቀና ገብቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። እርሳቸውም ምንም ሳይሉ ሙዝ አቀበሉት።

በዚያ ቀን የተፈጸሙት ሁለት ፍተሻዎች በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ አልነበሩም። የመጀመሪያው የፈለገው ዕቃ ነው፤ ጠመንጃ፣ ፈንጂ፣ ኮንትሮባንድ። ዕቃ ከሌለ ነገሩ አለቀ፤ ተፈታሹም ፈታሹም ነፃ ይወጣሉ። ሁለተኛው የፈለገው ሰውየውን ነው። ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ አነጋገሩን መረመረ። ከዚህ ዓይነቱ ፍተሻ ነፃ መውጫ የለም፤ ማንም ሰው የትውልድ ቦታውን ከቦርሳው አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል አይችልምና። ይህ ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሆኗል፤ ያውም ያለ ዳኛ። በብዙ የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለዓመታት ሰፍሮ መኖሩ ይህን ሁለተኛውን ፍተሻ ቀላል አድርጎታል። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ይህን መስመር አለመያዙ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ኬላ ላይ ቆሞ ለሚያውቅ ሰው ትንሽ አይደለም።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስለን። ለንደን በፈነዳች በሁለት ሳምንቷ፣ ዣን ቻርልስ ደ ሜኔዚስ የሚባል የ27 ዓመት ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደ ሥራው ሊሄድ ስቶክዌል ጣቢያ ባቡር ውስጥ እንደገባ፣ ፖሊሶች በሌላ ተጠርጣሪ መስሏቸው ተኩሰው ገደሉት። ፈንጂም መሣሪያም አልያዘም ነበር። ፈታሹ ዕቃ መፈለጉን ትቶ ሰው መፈለግ ሲጀምር መጨረሻው እስከዚህ ሊደርስ ይችላል። ያ ወጣት የሞተው መንገደኛን ለመጠበቅ በወጣ ዘመቻ ሲሆን፣ እርሱም መንገደኛ ነበር።

አባቶቻችን ስለ መንገደኛ የነበራቸው ሥርዓት እዚህ ላይ ቢታወስ መልካም ነው። በአንድ አገር ሰው ተገድሎ ወይም ተዘርፎ ሲገኝና ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። አፈርሳታም ይሉታል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው መመለስ የለም፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው ካልተገኘ አገሬው ተዋጥቶ ይከፍላል። መልካም ሥርዓት ነበር ልል አይደለም። ለቀናት ከእርሻው የተነጠለው ገበሬ ንጹሕ ነበር፤ በጠላት ጥቆማ የተጠቃም ይኖራል። የጅምላ ቅጣት ነውና ተመልሶ እንዲመጣ አልመኝም። ነገር ግን በውስጡ የነበረውን አቅጣጫ ተመልከቱ። መንገደኛ ባገሬው ምድር ላይ ጉዳት ከደረሰበት ተጠያቂው አገሬው ነበር። መንገደኛው አደራ፣ አገሬው ባለአደራ ነበሩ። የዛሬው ኬላ ይህን ገልብጦታል። ዛሬ የሚቆመው፣ የሚጠየቀው፣ ንጽሕናውን የሚያስረዳው መንገደኛው ነው። ተዘርፎ ወይም ታግቶ ቢገኝ ግን ተሰብስቦ «እኛ ነን የምንጠየቀው» የሚል የለም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከተሳፈሩበት አውቶቡስ በታጣቂዎች ታግተው ተወስደዋል። ቁጥራቸው ከ100 በላይ እንደነበር ተዘግቧል፤ ቤተሰቦቻቸውም ቤዛ ተጠይቀዋል። የእነዚያ ተማሪዎች እናት «ልጄን የተቀበለኝ ማን ነበር?» ብላ ብትጠይቅ፣ አውቶቡሱ ነው? መናኸሪያው ነው? ወረዳው ነው? ወይስ የፌዴራል መንግሥቱ? በአውጫጭኝ ዘመን ለዚህ ጥያቄ፣ ጨካኝም ቢሆን፣ መልስ ነበረው።

ነገሩን የመንግሥት ብቻ አድርጎ መጨረስም ቀላል ይሆን ነበር። ግን አይሆንም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። መስከረም 22 ቀን በቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው አለቀ። መስከረም 25 ቀን በዚያው በቢሾፍቱ በኩል የሚያልፈው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። በእነዚያው ቀናት ኀዘንና ቁጣ ገንፍሎ መንገዶች ተዘጉ፣ ተሽከርካሪዎች ተቃጠሉ፣ በድንጋይ ውርወራ የሞተም አለ። መስከረም 29 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገድ መዝጋት ተከለከለ፤ ዲፕሎማቶች እንኳ ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቁ ተባለ፤ ዱከምን እንዳለፉ ይበቃቸዋል ማለት ነው። በ2010 ዓ.ም. የካቲት 5 በኦሮሚያ ለሦስት ቀን የተጠራው አድማ ደግሞ አዳማን ጨምሮ ብዙ ከተሞችን ከመንገድ አቆራረጠ፤ በማግሥቱ የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። መንገድ የዘጋ ሰው የልቡን አድርሷል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የመንገድ መዝጋት ወንጀል ነው ወይስ መብት? የ2012ቱ አዋጅ ለዚህ አንድ በጎ ነገር አለው። በሥራ ማቆም አድማ፣ በሰላማዊ ሰልፍና በመሳሰሉት በሕግ በታወቁ መብቶች ምክንያት የሕዝብ አገልግሎት መስተጓጎሉ ብቻውን ሽብር እንዳይባል ለይቶ አስቀምጧል። ይህን እደግፋለሁ። በአስፋልት ላይ የተቀመጠ ሰውና ፈንጂ ያስቀመጠ ሰው በአንድ ስም ከተጠሩ፣ ሕጉ መንገዱን መጠበቁን ትቶ ሥልጣንን መጠበቅ ጀምሯል ማለት ነው። ነገር ግን ሽብር አይደለም ማለት ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። ከተዘጋው መንገድ ማዶ ምጥ የያዛት ሴት ትኖራለች። ከመቂና ከባቱ የተጫነ ቲማቲም በፀሐይ ይበሰብሳል። መንገድ የሚዘጋው ሰው ከመንግሥት ጋር እየተነጋገረ ነው፤ መንግሥትም ኬላ ሲያበዛ ከተቃዋሚው ጋር እየተነጋገረ ነው፤ የሚላላኩበት ወረቀት ግን መንገደኛው ነው። ከሁለቱም ወገን አንዳቸው አላስፈቀዱትም። ቢያንስ አምቡላንስ የሚያልፍበት፣ ሕፃን የያዘች የምታልፍበት ክፍተት የማይተው ተቃውሞ ከሚቃወመው ኬላ በምን ይሻላል?

በአማርኛችን «ደኅንነት» የምንለው ቃል ሁለት ነገር በአንድነት ይዟል፤ ከክፉ ሰው መጠበቅንም፣ ከአደጋ መትረፍንም። ሕጎቻችንና ኬላዎቻችን ግን ቃሉን ለሁለት የከፈሉት ይመስላል። ሕዝቡ በዚህ ቀልዶበታል። ጫት ጭኖ የሚበረውን አይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰይሞታል። ቀልዱ መራራ እውነት አለው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ የሚሞትባት አገር ውስጥ፣ መንገደኛው ከሁሉ በላይ የሚፈራው ከፈንጂ ይልቅ ፍጥነትን ነው። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ከ400 በላይ ሰዎችን የፈጀው የባቡር አደጋ በማንም ጠላት እጅ የደረሰ አይደለም፤ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነው ከሐዲዱ ወጥቶ የወደቀው። ፈንጂ ፈልጎ ቦርሳችንን አንድ በአንድ የበረበረ ኬላ፣ በአሥራ ሁለት ሰው መቀመጫ ላይ ሃያ ሰው የጫነውን ያንኑ ሚኒባስ ገመድ ዝቅ አድርጎለት ሲሸኝ አይቻለሁ። ፈታሹ የመንገደኛው ሕይወት አሳስቦት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ሰው ጫንክ?» ይሆን ነበር። የሚያሳስበው ሌላ ነገር መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩሌ ሦስት ነገር ይበቃኛል። አንደኛ፣ ፍተሻ ዕቃ ይፈልግ፤ ሁሉንም በእኩል ይፈልግ፤ ባለመርሴዲሱም እንደ ባለሚኒባሱ ወርዶ ይፈተሽ። ሰው ሁሉ የሚፈተሽበት ፍተሻ ማንንም አያዋርድም፤ ሶደሬ ላይ ሁሉም ስለሚያወልቅ ማንም እንደማያፍር። ሁለተኛ፣ ኬላ ስም ይኑረው። በማን ፈቃድ፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው ሕግ እንደቆመ በሰሌዳ ይጻፍ፤ የተበደለ የት እንደሚከስስም ይታወቅ። ሦስተኛና ዋናው፣ ጠያቂው ተጠያቂ ይሁን። «ቦርሳህን ክፈት» ያለን አካል፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሰላም የመድረሳችንን አደራ ተቀብሏል። ተፈትሾ ያለፈ መንገደኛ ከኬላው ማዶ ቢዘረፍ ወይም ቢታገት፣ ያ አካል ቀርቦ እንዲያስረዳ፣ አስፈላጊም ሲሆን እንዲክስ ሕጉ ያስገድደው። አውጫጭኙ በአገሬው ላይ የጣለውን ዕዳ፣ ዛሬ ገመዱን የያዘው ይሸከመው።

«ይህማ መንግሥትን ያከስረዋል» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ኪሳራው የለም ማለት አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ በመንገደኛው ላይ ተጭኖ ነው የቆየው። ሙዝ ነጋዴዋ እናት በዚያ ቀን የከፈሉት አርባ ደቂቃና የመሸ ገበያ ነበር። ማንም ሕግ አላስገደዳቸውም፤ የወጣቱን አገርም ሆነ ስም አላወቁም። አብሯቸው መሳፈሩ በቃቸው። ሕግ ከዚህች ሴት ያነሰ እንዳይሆን መመኘት ብዙ መመኘት ነው ወይ?

መንገደኛ ስንሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብለን ለፈጣሪ አደራ እንሰጣለን። እግዜር የራሱን ያውቃል። ከመንገዱ ውስጥ ግን ለሰው የተተወ ድርሻም አለ፤ ገመዱ፣ ሐዲዱ፣ መሪው፣ የፍጥነቱ ልክ፣ የፈታሹ አንደበት። ያንን ድርሻ የሚሸከመው ማን እንደሆነ በሕግ እስካልተጻፈ ድረስ፣ ምርቃታችን ብቻውን ብዙ መንገድ መሄድ ይኖርበታል።